ፊቴን ተወውና ቅርጫቴን እየው

ተረብ ያለ ተተራቢ አይደምቅም። ስለዚህ አንድ ሻጭ ልፍጠር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በጅማና በቦንጋ አቆራርጦ ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ ሲወርድ ጫማው ነጭ ነበር፤ ጀበና ቡና ቤቷ ጋ ሲደርስ የአገሩን ቀይ አፈር ለብሷል። ብብቱ ሥር ታብሌት ሸጉጧል። ሰውዬው የእኔ ፍጥረት ነው፣ ከሱ ጋር የሚናገሩትም እንዲሁ። የያዘው ሸቀጥ ግን በውጭው ዓለም ኩባንያዎች ገንዘብ አውጥተው የሚገዙት እውነተኛ ዕቃ ነው። ወደ ቡና ማሳው ሳይዘልቅ መተረብ ያለበትም ለዚህ ነው፤ ከዘለቀ በኋላ የምንናገረው ተረብ መሆኑ ቀርቶ አቤቱታ ይባላል።

«ይኼ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው» አለ ሻጩ ታብሌቱን እየከፈተ። «የሠራተኛን ስሜት ያነባል። ማን እንደደከመው፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ሥራ ለመልቀቅ እንዳሰበ ከፊቱ ለይቶ ለአሠሪው ይናገራል።»

ባለ ጀበናዋ ሲኒ ማለቅለቋን አላቋረጠችም። «ባለቤቴም እኮ ሳኮርፍ ያውቃል» አለችው። «ያቃተው ለምን እንዳኮረፍኩ ማወቁ ነው።»

እዚህ ላይ ብዕሬን ባስቀምጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሴትዮዋ ጨርሳዋለችና። ሊቃውንቱም ብዙ ደክመው የደረሱት እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊሳ ፌልድማን ባሬት ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር ከአንድ ሺህ በላይ ጥናቶችን አበጥረው ሲያዩ፣ ሰው ሲናደድ የሚኮሳተረው በአማካይ ከመቶ ጊዜ 30 ገደማውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በቀረው ጊዜ ዝም ይላል፣ ያለቅሳል፣ አንዳንዱም ይስቃል። ደግሞም ሳይናደድ ይኮሳተራል፤ ሲያስብ፣ ፀሐይ ዓይኑን ሲወጋው፣ ሆዱን ሲቆርጠው። ፊትን አይቶ ልብን አወቅሁ የሚል ማሽን ጥንቆላ በኤሌክትሪክ ነው ብል የአገሬ ጠንቋዮች ይቀየሙኛል፤ እነሱ ቢያንስ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

ሻጩ ተስፋ አልቆረጠም። ጥግ ላይ ወደተቀመጡት እናት ዞረ። ዕድሜያቸውን ቡና ሲለቅሙ የፈጁ ናቸው።

«እማማ፣ ሥራ ቦታዎ ላይ ካሜራ ቢተከል ይከፋዎታል?»

«ካሜራው ይለቅማል?»

«አይ፣ ያያል እንጂ።»

«የሚያይማ መች አጣን! ካቦው ያያል፣ ጦጣው ያያል። ጦጣው እንኳ ሲርበው ይለቅማል።»

«እርስዎን ለመርዳት እኮ ነው። ሲከፋዎት ለኃላፊው ይነግርልዎታል።»

«ልጄ፣ አፍ አለኝ።»

ሻጩ ሊስቅ ሲል እማማ ቀጠሉበት። «ጉንዳን በእግሬ ሲወጣ ፊቴን ምን እንደማደርገው ታውቃለህ? ያ ዕቃህ ‹አሠሪዋን ጠልታለች› ብሎ ይጽፍብኛል። ዝናብ ሲወርድብኝ ‹አለቀሰች› ሊለኝ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ዝናቡ መች ያባራል? ዓመቱን ሙሉ ሳለቅስ ልገኝ ነው። ፊቴን ተወውና ቅርጫቴን እየው። የሠራሁት እሱ ውስጥ ነው።»

እማማ የተናገሩት ለቡናው ራሱ ስንሠራበት የኖርነውን ነው። ቴፒም በበቃም በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በየስማቸው ደረጃ የሚወጣላቸው ቡናዎች ናቸው። ናሙናው ወደ ቅምሻ ክፍል የሚገባው በኮድ ነው፤ ቀማሹ የማን ቡና እንደሆነ አያውቅም። ከመቶው ነጥብ ጥሬው ፍሬ በቀለሙ፣ በሽታው፣ በጉድለቱ ተደማምሮ የሚያገኘው 40 ነው፤ 60ው የሲኒው ነው። እንግዲህ ለቡና እንኳ መልክና ጠረን ተባብረው ግማሽ ነጥብ አይሞሉም። ሻጫችን ግን ሰውን ሳይቀምስ መቶውንም ከፊት ላይ ሊሰጥ ታብሌት ተሸክሞ መጥቷል። የባለቤቱን ስም ሸፍነን ቡናውን ስንመዝን ኖረን፣ ሰው ላይ ስንደርስ ፊቱን ገልጠን ልንፈርድበት?

ያ ፊትስ የማን ፊት ነው? አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከተመራማሪዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት አለ። የታወቁ ኩባንያዎች የሠሯቸው ፊት ለይ ሶፍትዌሮች የጠቆረ ቆዳ ያላቸውን ሴቶች ጾታ ሲለዩ እስከ 34.7 ከመቶ ይሳሳቱ ነበር። ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ሲደርሱ ስህተቱ ከ0.8 ከመቶ አላለፈም። እማማ ሴት መሆናቸውን ከሦስት አንዴ የሚስት ዕቃ፣ ማዘናቸውን በምን ዓይኑ አየ? ኩባንያዎቹ ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሮቻቸውን አሻሽለዋል። ያሻሻሉት ግን ማሽኑ «ተሳስቻለሁ» ብሏቸው አልነበረም። ሁለት ሴቶች መልስ ሰጥተዋቸው ነው።

«እሺ፣ ፊቱ ይቅር» አለ ሻጩ። ነጋዴ ነው፤ አንዱ ሲወድቅበት ሌላ ያወጣል። «ከድምፅም ያነባል። ድምፁ ከፍ ሲል ንዴት፣ ዝቅ ሲል ድብርት…»

ይኼኔ አንድ የቤንች ልጅ ከጀርባው ሳቁን ለቀቀው። ሻጩ የማያውቀውን ያውቃላ! ቤንችኛ አምስት የድምፅ ደረጃና በላዩ ላይ አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ቃና ያለው ቋንቋ ነው፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል ደረጃ ያላቸው ቋንቋዎች በጣም ጥቂት ናቸው። ጎረቤቱ ሸኮኛ አራት አለው። እዚህ ድምፅን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ቃሉን ራሱን ሊለውጥ ይችላል፤ የግድ የንዴት ምልክት አይደለም። «እናቴ ጨው ግዛ ብላ ስትልከኝ» አለ ልጁ፣ «ያንተ ዕቃ ልጇን ረገመች ብሎ ሊከሳት ነው?» በአንድ ማሳ ላይ ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ከፈቾው፣ ሸካቾው፣ መዠንገሩ፣ ከወላይታና ከዳውሮ ለለቀማ የመጣውም ጎን ለጎን ይሠራሉ። ማሽኑ የሠለጠነው በየትኛቸው ድምፅ ነው ቢባል መልሱ ዝምታ ነው፤ ዝምታን ደግሞ ድብርት ብሎ ይመዘግበዋል።

ለሻጩ ፍርድ አላጓድልበትም። አንድ ጥሩ መልስ ነበረው።

«እናንተ ግን» አለ፣ «ካቦው ዘመዱን አይመርጥም? ያገሩን ልጅ ፍሬ የበዛበት መስመር ላይ አያቆምም? ማሽን እኮ ዘመድ የለውም!»

ቤቱ ዝም አለ። የተባለው እውነት ነዋ። እማማ ግን ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «አለው እንጂ» አሉት። «የገዛው ሰው ዘመዱ ነው።»

አማዞን ይህን ያየው ከእማማ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው፤ ያውም በብዙ ገንዘብ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሥራ አመልካቾችን ወረቀት የሚያበጥር ማሽን ሲሠራ፣ ያስተማረው በአሥር ዓመት ውስጥ በደረሱት ማመልከቻዎች ነበር። አብዛኞቹ የወንዶች ነበሩ። ማሽኑም «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት ዝቅ ማድረግ ተማረ። ኩባንያው ጣለው፤ ሮይተርስ የዜና ወኪል ወሬውን እ.ኤ.አ. በ2018 አወጣው። የኛ ካቦ ለዓመታት ያስመዘገበውን መዝገብ ለማሽን ብናጎርሰውም የሚሆነው ይኸው ነው። የካቦውን ዘመዶች አንድ በአንድ ይወርሳል፣ ልዩነቱ ካሁን በኋላ ዘመድነቱ «ዳታ» መባሉ ነው። ሃየርቪው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ የአመልካቾችን ፊት እየተነተነ ነጥብ ሲሰጥ ከርሞ፣ አቤቱታና ወቀሳ ሲበዛበት የፊቱን ትንተና መተዉን እ.ኤ.አ. በጥር 2021 አስታወቀ። ባለቤቶቹ ያፈሩበትን ነው እንግዲህ ሻጫችን በቀይ አፈር ጫማውን እያበላሸ ያመጣልን።

እማማ አልጨረሱም። «ካቦው ሲበድለኝ እነግረዋለሁ። ባይሰማኝ ለቅሶ ቤት ፊት ለፊት እንቀመጣለን፣ ያፍራል። ሚዛኑ ሲያጎድልብኝ ቁጥሩ ለሁለታችንም ይታያል፤ ‹መልሰህ መዝን› እለዋለሁ። ያንተን ዕቃ ተሳስተሃል የምለው በየት በኩል ነው?»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው ያለው። ተረብ ጨዋታ የሚሆነው ተተራቢው ተራ ስላለው ነው፤ ተራውን ከነጠቁት ስድብ ይሆናል። የሠራተኛን ልብ መዝኜ ነጥብ እሰጣለሁ የሚል ማሽንም ጨዋነቱ የሚታወቀው በዚሁ ነው። የተመዘነው ሰው ምን እንደተጻፈበት ያያል ወይ? አይደለም ቢል የሚሰማው፣ ሰምቶም ውሳኔውን መቀልበስ የሚችል ሰው አለ ወይ? ማሽኑ ከመቶ ስንት ያገኛል የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ ይመጣል። መቶ በመቶ ልክ ነኝ የሚል ዳኛም ቢሆን ተከሳሹን ሳይሰማ አይፈርድም።

በዚህ መሐል አንድ የሰው ሀብት ኃላፊ ገባ። (ቡና ቤት ውስጥ ስለ ደመወዝ ሲወራ የማይገባ፣ ስለ ሶፍትዌር ሲወራ የሚገባ ዓይነት ነው።) «ምክር የሚሰጥስ አላችሁ?» ብሎ ሻጩን ጠየቀው። «ለሠራተኛው የሥነ ልቦና ባለሙያ መቅጠር ውድ ነው።»

ሥነ ልቦና አጥንቶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት እዚያው ተቀምጧል። «ውዱ እኔ ነኝ?» አለ። «ዋጋዬን የጠየቀኝ እኮ የለም።»

ሻጩ ቸኩሎ ታብሌቱን አዞረ። «ሠራተኛው ማታ ማታ የልቡን ይነግረዋል፤ ማሽኑ ያጽናናዋል።»

«ጧትስ?»

«ጧት ለአስተዳደሩ ሪፖርት ይወጣል።»

«ይኼማ ጆሮ ጠቢ ነው» አለ ወጣቱ።

በደርግ ጊዜ ያደጉት ሰዎች ሲኒያቸውን ይዘው ዘወር አሉ። ቃሉ አሁንም ሥራ ላይ ነው።

ሰው ለማሽን ልቡን መክፈቱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የኮምፒዩተር ተመራማሪው ጆሴፍ ዋይዘንባም ኤላይዛ የምትባል ፕሮግራም ሠራ። በአብዛኛው የምትሠራው የተነገራትን ገልብጣ መልሳ መጠየቅ ነበር። የራሱ ጸሐፊ፣ ፕሮግራሟ ሲሠራ አጠገቡ ሆና ያየች ሴት፣ ከኤላይዛ ጋር ጥቂት እንዳወራች ሰውዬውን «እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው፤ ብቻዋን ልታወራ። ዋይዘንባም ደነገጠ፤ ቀሪ ዕድሜውንም ማሽን በሰው ቦታ እንዳይቀመጥ ሲያስጠነቅቅ ኖረ። ጸሐፊዋ ግን አንድ ነገር አውቃለች፦ የልቧን ስትናገር አለቃዋ ከክፍሉ መውጣት አለበት። የኛ ሻጭ ማሽኑን አስገብቶ አለቃውን ማሽኑ ውስጥ አስቀምጦ ነው የመጣው።

ከዚያም በፊት ቺካጎ አጠገብ ባለው የሆውቶርን ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. ከ1928 አንስቶ ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞች እየተጠሩ ብሶታቸውን እንዲናገሩ ተደርጎ ነበር። ብዙዎቹ ተናግረው ሲወጡ ቀለል አላቸው። ተቺዎች በኋላ ያነሡት ጥያቄ ሹል ነበር፤ ሠራተኛው ስለ ደመወዝ ሲያማርር አጥኚዎቹ የስሜት ችግር አድርገው መዝግበውበታል። እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። እማማ «የማርፍበት ጥላ የለም» ሲሉ ማሽኑ «በረጅሙ ይተንፍሱ» ይላቸዋል። ይተነፍሳሉ። ጥላው አሁንም የለም።

«ፈርሞ እኮ ነው የሚገባው፣ በፈቃዱ» አለ የሰው ሀብት ኃላፊው።

«በአውራ ጣቱ ነው የሚፈርመው» አለ ወጣቱ። «ያውም ፎርሙን እምቢ ካለ ለቀማውን እንደማያገኝ እያወቀ። የማያነበውን ወረቀት፣ በማይናገረው ቋንቋ፣ ተርቦ የፈረመ ሰው ምኑን ፈቀደ? እኛ ሙያችን ውስጥ ሰው ከመናገሩ በፊት መጀመሪያ የምንነግረው የሚናገረው ለማን እንደሚደርስ ነው።»

እዚህ ላይ ተረቡን ትንሽ ልግታ። ማሽኑ ስለሚመዝናቸው ሠራተኞች አወራን፤ ከማሽን ጀርባ ሆነው የሚሠሩትስ? ናይሮቢ ውስጥ ሳማ በተባለ ኩባንያ ተቀጥረው የፌስቡክን ይዘት ሲያጣሩ ከነበሩት መካከል አማርኛን ጨምሮ የአገራችንን ቋንቋዎች የሚያነቡ ነበሩ። ሥራቸው ሌላው ሰው እንዳያይ የሚታረደውን፣ የሚቃጠለውን እነሱ ማየት ነበር። ቻትጂፒቲን ከክፉ ቃል ለማጽዳት ክፉውን ጽሑፍ ሲለዩ የነበሩ የኬንያ ሠራተኞችም በሰዓት እጃቸው ላይ ይደርስ የነበረው ከ2 ዶላር በታች እንደነበር ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አጋልጧል። በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ በተመሠረተው ክስ ውስጥ ደግሞ ከ140 በላይ አጣሪዎች ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው በሐኪም መረጋገጡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ይፋ ሆነ። የሠራተኛን አእምሮ ጤና እጠብቃለሁ የሚል ዕቃ ሲቀርብልን፣ ከማሽን ጀርባ ሆኖ ሲሠራ የታመመው ሰው የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁሉንም አልጠላም። ከቴፒ ቡና ጭኖ ሌሊት ወደ ጅማ የሚነዳ ሹፌር ዓይኑ ሲከደን የሚጮህ መሣሪያ ይግባለት፤ ከነልጆቹ እመርቀዋለሁ። የሚጮኸው ግን ለሹፌሩ ይሁን። ለደመወዝ ክፍሉ ከጮኸ ሹፌሩ ቀጥሎ የሚማረው ዓይኑን ገልጦ መተኛት ነው። ስም ሳይጠየቅ ተሰብስቦ «ሰፈሩ ውስጥ እንቅልፍ ያጣ ሠራተኛ በዝቷል፣ ማደሪያው ይታይ» የሚል ጥናትም ማሽን ቢሠራው አልቃወምም፤ ማደሪያው ከታየ።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህን ልዩነት በሕግ አስፍረውታል። በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሰውን ስሜት ከፊቱ ወይም ከድምፁ እገምታለሁ የሚል ሶፍትዌር ለሕክምና ወይም ለደህንነት ካልሆነ በቀር እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ በአገራቸው ክልክል ነው። እነዚሁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት የደን ሕግ፣ ተግባራዊነቱን ደጋግመው ቢያራዝሙትም፣ ቡናችን የበቀለበትን ማሳ በካርታ ነጥብ ለይታችሁ ንገሩን ብለውናል። ጥሩ፣ እንነግራቸዋለን። እነሱም የከለከሉትን ዕቃ ወደ ማሳው አይላኩብን። ፍሬው የት እንደበቀለ ለማወቅ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ የለቀመችው ሴት ፊት በማን ሰርቨር ላይ እንደሚያድር ለመጠየቅም አይከብዳቸውም።

እኛስ ሕግ የለንም? አለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሰው ስለሱ የተሰበሰበውን የማወቅ፣ የተሳሳተውን የማስተካከል፣ በማሽን ብቻ ለተሰጠ ከባድ ውሳኔ ያለመገዛት መብት ተሰጥቶታል። ሚኒስትሮች ምክር ቤትም በሰኔ 2016 ዓ.ም. የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲ አጽድቋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ደግሞ ሻጩ አላነበበውም መሰለኝ። ሠራተኛ የሚሰናበተው ከጠባዩ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው ይላል። ኩርፊያ የሚል ምክንያት የለበትም። ቢኖርበት ኖሮ አገሪቱ ውስጥ ሥራ ላይ የሚቀር ሰው አይገኝም ነበር።

ሚዛንና ቴፒ የጋራ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ኮምፒዩተሩን የሚያውቀውና የሰውን ልብ የሚያጠናው በአንድ ስም ሥር ናቸው። እንዲህ ያለ ዕቃ ለአካባቢው ከመገዛቱ በፊት ቁጭ ብለው በቤንችኛ፣ በሸኮኛ፣ በከፋኛ ይፈትኑት፤ የወደቀበትን ውጤት ለእማማ በቋንቋቸው ያንብቡላቸው።

ሻጩ ማታውኑ ተመልሷል። የእኔ ፍጥረት ስለሆነ መመለስ አልከበደኝም። እውነተኛው ሲመጣ ግን እንዲህ አይቀልም። በያላችሁበት፣ በእርሻው፣ በባንኩ፣ በሆስፒታሉ፣ ስለ ስሜታችሁ የሚጠይቅ ፎርም ሲዘረጋላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት በምትሰሙት ቋንቋ ይነበብላችሁ። የተሰጣችሁን ነጥብ ማን እንደሚያየውና ስህተት ሲሆን አቤት የምትሉበትን ሰው ስም በወረቀቱ ላይ አስጽፉ። የሰው ስም የሌለበትን ፎርም አትፈርሙ።